ለበጎ ፈቃድ የቴአትር ቡድን ምክር፦ ልምምድ ላይ ሰው አይሟላም፣ መብራት ይጠፋል፣ ድምፅ ከኋላ አይሰማም

መጋረጃ ጀርባ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በትንሽ ከተማ ያለ የበጎ ፈቃድ የቴአትር ቡድን አዘጋጅ ነኝ። 16 ሰዎች ነን፤ ሁሉም ቀን ቀን ሥራ ወይም ትምህርት ላይ የሚውል ነው፣ ለማንም አይከፈልም። የያዝነው ተውኔት ባለ ሁለት ገቢር፣ 90 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ 9 ገጸ ባሕርያት ያሉት ነው። አዳራሹ ለስብሰባም ለሁሉም የሚያገለግል፣ ወለሉ ለጥ ያለ፣ 180 ወንበር የሚይዝ ነው። መድረኩ ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ወርዱ 7 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር ተኩል። አራት ጊዜ ለማሳየት አስበናል።

በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብንለማመድ ስንት ሳምንት ይበቃናል? ሰው ሳይሟላ ሲቀርስ ምን ይሠራል? ስምንት ባለ 500 ዋት ሃሎጅን ስፖት (የመድረክ መብራት) አለን፤ ትዕይንት በትዕይንት ስንለማመድ ደኅና ይሠሩና ሙሉውን ስናስኬድ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ለምን? ድምፅም አለ፤ ከስድስተኛው ረድፍ ወዲያ ተዋናዮቹ በደንብ አይሰሙም። ማይክራፎን እንከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። “በርቱ” ከሚል መልስ ይልቅ ቁጥር ያለው መልስ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

እርሳስና ላጲስ፦

እህቴ፣ ካልጠየቅሽው ልጀምር። ስቴጅ ማናጀራችሁ ማን ነው? “ሁላችንም እንተጋገዛለን” ከሆነ መልሱ፣ የሰው አለመሟላት የሚመጣው ከዚያ ነው። አዘጋጅ ትወናውን እያየ መቅረትና መገኘትን፣ ወንበር የት እንደቆመ፣ ማን በየትኛው በር እንደወጣ መመዝገብ አይችልም። ሁለት ሥራ ነው። ከ16ቱ አንዱ፣ የማይተውን፣ ሰዓት አክባሪና ጽሑፉ ንጹሕ የሆነ ሰው፣ ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ይህን ብቻ ይያዝ።

ሳምንቱን በተመለከተ፣ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ለአንድ የጽሑፍ ገጽ አንድ ሰዓት ልምምድ መያዝ ነው። 90 ደቂቃ የሚፈጅ ተውኔት 70 ገጽ አካባቢ ቢሆን 70 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 6 ሰዓት ስታካፍዪው 12 ሳምንት ይመጣል። ስድስት ሳምንት ይበቃል የሚልሽ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለማመድ ቡድን አይቶ ነው።

አንደኛው ሳምንት ተቀምጦ ማንበብ ነው። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው እንቅስቃሴ ይሠራል። ስድስተኛው ሲጀምር የመጀመሪያው ገቢር ያለ ወረቀት፣ ስምንተኛው ሲጀምር ሁለተኛው ገቢር ያለ ወረቀት። ዘጠነኛና ዐሥረኛው ሳምንት ተውኔቱን ሳያቋርጡ ማስኬድ ነው። ዐሥራ አንደኛው ላይ እውነተኛው ወንበር፣ እውነተኛው ዕቃ፣ በተለይም እውነተኛው ጫማ ይገባል፤ በጫማ የአረማመድ ፍጥነት ይለወጣል። ዐሥራ ሁለተኛው የመብራትና የድምፅ፣ ቀጥሎ የጄኔራል ልምምድ (ሁሉ ነገር ተሟልቶ ልክ እንደ ትርኢቱ የሚሠራው) ነው።

ወረቀት የሚጣልበት ምሽት ከምሽቶች ሁሉ የከፋ ነው። ያን ቀን እንቅስቃሴ አታርሚ፣ ስለ ስሜትም አትናገሪ። ቃል የጠፋበት ተዋናይ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ “ቃል” ይበል፤ መጽሐፉን የያዘው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ብቻ ይስጠው። ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ከሰጣችሁት ማስታወሱን ለሌላ ሰው አስረክቦ ይቀመጣል።

አሁን ዋናው። ዘጠኙንም ሰው በየምሽቱ አትጥሪ። በጎ ፈቃደኛ የሚቀረው ስለሰነፈ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ አራት ዐረፍተ ነገር ተናግሮ የሄደ ሰው በሚቀጥለው ምሽት ሌላ ጉዳይ ያገኛል። ተውኔቱን በትዕይንት ሳይሆን በመግቢያና መውጫ ቆራርጪው፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር አዲስ ክፍል ይጀምራል። የዚህ ርዝመት ተውኔት 30 ገደማ ክፍል ይወጣዋል። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ስሞቹን ወደ ታች፣ ክፍሎቹን ወደ ጎን አድርገሽ ማን የት እንዳለ ምልክት አድርጊ። ተመሳሳይ ሰዎች ያሉባቸው ክፍሎች በዓይን ይታያሉ። ማክሰኞ ክፍል 3፣ 9ና 22፤ ሦስት ሰው ብቻ ይመጣል። ሐሙስ አምስት ሰው። ከመጀመሪያው ንባብ ሌላ ሁሉም የሚጠሩት ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ነው።

ሚና ከማደልሽ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በ12ቱ ሳምንት ውስጥ የማይገኝባቸውን ቀኖች በጽሑፍ ያስረክብ። ከዚያ ወዲያ ያልተመዘገበ መቅረት ሦስት ጊዜ ከሆነ ሚናው ለሌላ ይሰጣል፤ ይህን በመጀመሪያው ንባብ ቀን ተናገሪው። በሰባተኛው ሳምንት የወጣ ደንብ ቁጣ ይመስላል።

የስቴጅ ማናጀሩ መጽሐፍ እንዲህ ይሠራል። ጽሑፉ በአንድ ገጽ ብቻ ይታተምና በቀኝ በኩል ይሆናል፤ በግራ ያለው ባዶ ገጽ ላይ የመድረኩ ትንሽ ንድፍ ይሣላል፣ እንቅስቃሴው በቀስት። ሁሉም በእርሳስ፤ አዘጋጅ ሐሳቡን ይለውጣል (መለወጥም አለበት)። መብራት መ1፣ መ2፣ መ3፤ ድምፅ ድ1፣ ድ2 እየተባለ ይቆጠራል። ምልክቱ “ንግግሩ ሲያልቅ” ተብሎ አይጻፍም፤ የሚለወጥበት ቃል ራሱ ይሰመርበታል። ግማሽ ገጽ ሲቀረው “መ12 ተዘጋጅ”፣ ቃሉ ላይ ሲደረስ “መ12፣ ሂድ”። “ሂድ” የምትለዋ ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ለሌላ ነገር አትነገርም፤ አንዱ ለጓደኛው “አንተ ሂድ” ሲል መብራት የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም። የመነጋገሪያ ሬዲዮ ከሌላችሁ ትንሽ ቀይ አምፖል ከማብሪያ ጋር ወደ መብራት ያዡ ዘርጉ፤ ሲበራ ተዘጋጅ፣ ሲጠፋ ሂድ ነው።

ብሬከር፦

የብሬከሩን ጉዳይ እኔ ልውሰደው። 8 ጊዜ 500 አራት ሺህ ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር። የድምፅ ማጉያውና ሌላው ነገር 600 ዋት ቢጨምር 21 አምፔር ገደማ ይደርሳል። የግድግዳ ሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ 16 አምፔር ብሬከር ላይ ነው። ብሬከር ደግሞ ትንሽ ያለፈ ጭነትን ወዲያው አይቆርጥም፤ ውስጡ ያለው ብረት ሞቆ እስኪታጠፍ ይጠብቃል፣ እንደ ጭነቱ መጠን ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው አጭር ልምምድ ላይ ደኅና ሆኖ ሙሉው ሲሄድ፣ ያውም ሁሉም መብራት በበራበት ትዕይንት ላይ፣ የሚወርደው።

መጀመሪያ የማታደርጉት ነገር፦ ብሬከሩን በ25 ወይም በ32 አትቀይሩ። ብሬከሩ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ትልቅ ብሬከር ካስገባችሁ በእሱ ፈንታ የሚሞቀው ሽቦው ይሆናል።

የምታደርጉት፦ በየሶኬቱ ትንሽ መብራት ሰክታችሁ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አውርዱ፤ የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር ሥር እንደሆነ በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሶኬቶች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ “የተለያየ ሶኬት ላይ ሰክተናል” ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ በአንድ ባለ 16 አምፔር መስመር ላይ ከ12 እስከ 13 አምፔር ብቻ ጫኑ። ያ አምስት ባለ 500 ዋት መብራት ነው። አራቱን በአንድ መስመር፣ አራቱን በሌላ አድርጉ፤ ድምፅ ደግሞ በሦስተኛ መስመር ይሁን፤ ዲመር (የብርሃን መጠን መቀነሻ) ባለበት መስመር ላይ የተሰካ ማጉያ “ዝዝዝ” ይላል። ሦስት መስመር ካልተገኘ ሙያተኛ ኤሌክትሪሺያን ከዋናው ሳጥን የተለየ መስመር ያውጣላችሁ። ይህ በበጎ ፈቃድ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ማራዘሚያ፦ በጥቅልል ያለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይፈታ። ጥቅልሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሲፈታ የሚችለውና ተጠቅልሎ የሚችለው ለየብቻ ተጽፏል፣ ልዩነቱም በእጥፍና በሦስት እጥፍ ነው። ተጠቅልሎ የሚሠራ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ላስቲኩ ይቀልጣል። መተላለፊያ የሚያቋርጥ ገመድ በአጭሩ፣ በቀጥታ ይሻገርና ከዳር እስከ ዳር በሰፊ ፕላስተር ይለጠፍ።

መብራቱን የት እንደምትሰቅሉ አልጠየቃችሁም፤ ግን ስምንት መብራት ለ7 ሜትር መድረክ ከበቂ በላይ ነው፣ ከታወቀበት። መድረኩን ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት መብራት፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ። ያ ስድስት ነው። የቀሩት ሁለት ከኋላ ከላይ ሆነው ተዋናዩን ከግድግዳው ይለዩታል። ከፊት የሚመጣው ብርሃን ፊት ላይ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ መውረድ አለበት። መስቀያው ብረት ከአዳራሹ ወለል 4 ሜትር ተኩል ላይ ነው እንበል፤ የቆመ ተዋናይ ፊት ከመድረኩ 1.6፣ ከአዳራሹ ወለል 2.2 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 2.3 ሜትር ነው፤ እንግዲህ ብረቱ ከተዋናዩ ፊት ለፊት ከ2.3 እስከ 3.3 ሜትር መራቅ አለበት። ከአዳራሹ መጨረሻ በማቆሚያ የሚተኮስ መብራት ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ የሁሉንም ጥላ የኋላው ግድግዳ ላይ ይሥላል። እያንዳንዱ ስፖት ከመስቀያው ሌላ የራሱ የብረት ሰንሰለት ይኑረው። ብሎን ይላላል።

ገንዘብ ስታገኙ ወደ ኤልኢዲ ዙሩ። ስምንት ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ በድምሩ 800 ዋት፣ ከ4 አምፔር በታች ነው፤ የብሬከር ጥያቄያችሁ እዚያው ያልቃል። ነገር ግን ርካሹ ኤልኢዲ ቀስ ብሎ ሲጠፋ መጨረሻው ላይ ይዘልላል፣ የማቀዝቀዣው ድምፅም ጸጥ ባለ ትዕይንት ይሰማል። ከመግዛታችሁ በፊት በጨለማ ክፍል ከ10 በመቶ ወደ ዜሮ አውርዳችሁ እዩት።

የኋላ ወንበር፦

ማይክራፎን አትከራዩ። ለ180 ሰው አዳራሽ አያስፈልግም፤ ችግሩም በማይክራፎን የሚፈታ አይመስለኝም። ከመድረኩ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡ ማይክራፎኖች ከቃሉ በፊት የሚያነሡት የእግር ኮቴ ነው። ለዘጠኝ ሰው የአንገት ማይክራፎን ብትከራዩ ደግሞ ዘጠኝ ባትሪ በየምሽቱ መቀየር፣ ዘጠኙን የሚከፍትና የሚዘጋ የሰለጠነ ሰው መመደብ አለባችሁ፤ የልብስ መፋተጉንም ተመልካቹ ይሰማዋል።

ከስድስተኛው ረድፍ ወዲያ የሚጠፋው ምን እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ። አንድ ሰው ጽሑፉን ሳይዝ መጨረሻው ረድፍ ይቀመጥና ቃል ባመለጠው ቁጥር እጁን ያንሣ፤ ስቴጅ ማናጀሩ መጽሐፉ ላይ ምልክት ያድርግ። ምልክቶቹ አብዛኞቹ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። በአማርኛ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ አዎን ወይስ አይደለም የሚለው ሁሉ ያለው ግሱ ላይ ነው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። “ከእንግዲህ ወደዚያ ቤት…” ተብሎ “አልመለስም”ና “እመለሳለሁ” ካልተለየ ተመልካቹ የቀረውን ተውኔት የሚያየው በግምት ነው።

መድኃኒቱ ጩኸት አይደለም። የሚጮህ ተዋናይ የመጀመሪያውን ቃል ያጎላና ግሱ ላይ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ተዋናዮቹ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ከግሱ በፊት ባለው ቦታ አጭር ትንፋሽ እየወሰዱ ይለማመዱ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየልምምዱ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይበቃል። ቀጥሎ ጠብቆና ላልቶ። “አለ” ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ይገኛል ነው፤ “ይመታል” ላልቶ እሱ መቺ ነው፣ ጠብቆ ተመቺ ነው። በሚያስተጋባ አዳራሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚደበዝዘው ይህ ልዩነት ነው። ስለዚህ የሚጠብቀውን ፊደል ከቤት ንግግር ትንሽ አስረዝሞ መያዝ ያስፈልጋል። ቅርብ ሆኖ ለሚሰማው የተጋነነ ይመስላል፤ ከኋላ ግን ልክ ነው።

ሌላው የተዋናዮች አቋቋም ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተያይተው ሲነጋገሩ ድምፃቸው ወደ ጎን ግድግዳ ይሄዳል። ሁለቱም እግሮቻቸውን ወደ ተመልካቹ በግማሽ ያዙሩ፤ የሚናገረው ከሚሰማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም፤ ያኔ ጓደኛውን ሲያይ ፊቱ ወደ አዳራሹ ይሆናል።

ባዶ አዳራሽ እንደሚያስተጋባ፣ ሲሞላ የሰው ልብስና ገላ ድምፅ እንደሚውጥ አስታውሱ። ማስተጋባቱ ከበዛ በተመልካቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ፣ በእጥፋት። የተወጠረ ስስ ጨርቅ ምንም አይሠራም።

መታየት ደግሞ ለብቻው ችግር ነው። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.2 ሜትር ላይ ነው። መድረካችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መድረኩ ላይ የተኛ ወይም ወለል ላይ የተቀመጠ ተዋናይ ከተመልካቹ ዓይን በታች ይሆናልና ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ማንም አያየውም። ሞት፣ እንቅልፍ፣ ደብዳቤ ከወለል ማንሣት፣ እነዚህን ሁሉ ከ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አድርጓቸው፤ ጠንካራ መደብ በኋላኛው የመድረክ ክፍል ይሠራ። ወንበሮቹን በግማሽ ወንበር እያፈራረቃችሁ ደርድሩ፣ በረድፍና በረድፍ መካከል ከጀርባ እስከ ጀርባ ቢያንስ 85 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ወንበሮቹንም በረድፍ እርስ በርሳቸው እሰሯቸው፤ ሰው በድንጋጤ ሲነሣ የወደቀ ወንበር መውጫ ይዘጋል።

መጋረጃ ጀርባ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የግስ ነገር በቀጥታ የእኛ ችግር ነው፤ ነገ ማታ እሞክረዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለትርኢቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋና ተዋናይ ቢወጣስ? ግድግዳ መሥራትም አለብን፤ አራት ባለ 1.2 በ2.4 ሜትር፣ አንዱ በር ያለው። በኮምፔንሳቶ ይሁን ወይስ በጨርቅ?

እርሳስና ላጲስ፦

ሁለት ሳምንት ሲቀር የሚፈለገው ጎበዙ ሳይሆን ልምምዱ ክፍል ውስጥ የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ መተኪያው አሁን ይታሰብ። ለሦስቱ ትልልቅ ሚናዎች ብቻ ትንሽ ሚና ያላቸው ሦስት ሰዎች ተጠባባቂ ይሁኑ፤ የእነሱን ትንሽ ሚና ደግሞ የስቴጅ ማናጀሩ ረዳት ይሸፍን። ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ አንዳንድ ምሽት ተጠባባቂዎቹ ይሥሩት። ይህ ካልተደረገና ሰው ከወጣ፣ ትርኢቱን በሁለት ሳምንት አስተላልፉ። ወረቀት ይዞ መድረክ የሚወጣ ተዋናይ አንድ ምሽት ይታገሡታል፣ አራት ምሽት ግን አይደለም።

ሞራሌ፦

ጨርቅ። ባለ 1.2 በ2.4 ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል፤ የጨርቁን አንድ ሰው በጨለማ ተሸክሞት ይወጣል። ለፍሬሙ ሞራሌ አትጠቀሙ (ስሜን አትዩ)፣ ይከብዳል። 2.5 በ7 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ይበቃል። ለአንዱ ግድግዳ ሁለት ቋሚ፣ ሦስት አግዳሚ፣ ከላይ፣ ከታችና ከመሐል። ቋሚዎቹን በአግዳሚዎቹ መካከል ካስገባችሁ የታችኛው አግዳሚ ሙሉውን 1.2 ሜትር ይሆናል፣ ቋሚው ደግሞ 2.26፤ መሐለኛው አግዳሚ 1.06 ነው። የታችኛው ሙሉ የሚሆነው ግድግዳው ወለል ላይ ሲጎተት የቋሚው ጫፍ እንዳይሰነጠቅ ነው።

ማዕዘኖቹ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ በኮላና በብሎን ይያዛል። ከፍሬሙ ጠርዝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ አድርጉት፤ እስከ ጠርዙ ከሄደ ሁለት ግድግዳ በማዕዘን ሲገጠም ክፍተት ይቀራል፣ መብራትም በዚያ ያፈተልካል። በምስማር ሳይሆን በብሎን፤ የሚቀጥለው ተውኔት ሌላ ቅርጽ ይፈልጋል።

አቡጀዲውን ወጥሩት፣ ግን እንደ ከበሮ አይሁን። የውሃ ቀለም ሲነካው ይሰበሰባል፤ ከመጀመሪያው ከተወጠረ ፍሬሙን ጠምዝዞ ግድግዳው መሬት ላይ አልቆም ይላል። መጀመሪያ ውሃ የበዛበት ኮላ ከነጭ ቀለም ጋር ቀቡት፣ ሲደርቅ የሚፈለገውን ቀለም። የሚያብረቀርቅ ቀለም አይሆንም፤ ነጭ ግድግዳም አይሆንም፤ ከተዋናዩ ፊት በላይ ያበራና ፊቱ ይጠቁራል። ከተዋናዮቹ ፊትና ከልብሶቹ የተለየ፣ መካከለኛ ድምቀት ያለው ቀለም ምረጡ።

ደጋፊው እንጨት ግድግዳውን ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ፣ 1.6 ሜትር ላይ ይያዘው፤ እግሩ ወደ ኋላ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ በላዩ ከ15 እስከ 20 ኪሎ አሸዋ በከረጢት። በሩ ያለበት ግድግዳ በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ደጋፊ ይፈልጋል፤ አለዚያ በር በተዘጋ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልካቹም በትልቁ ኀዘን መካከል ይስቃል። በሩ ከመድረክ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ማጠፊያው ወደ ኋላ ባለው ጎን ይሁን፤ ሲከፈት ራሱ ጀርባውን ይሸፍናል።

ብሬከር፦

ሞራሌ ያለው ላይ ልጨምር፦ አቡጀዲ ይነዳል። ሃሎጅን ስፖት ከጨርቅ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። የሻማ ትዕይንት ካላችሁ በባትሪ የሚሠራ ሻማ ተጠቀሙ። በየምሽቱ ተመልካች ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው መውጫ በሮቹን ሁሉ በእጁ ከፍቶ ይይ። “ቁልፉ ዘበኛው ጋር ነው” የሚል መልስ ካገኘ ትርኢቱ አይጀመርም። የአዳራሹን መብራት የሚያበራው ሰው ማብሪያው አጠገብ ይቀመጥ፣ በእጁ ባትሪ ይኑር።

ሒሳብ ያዥ፦

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሣም። አራት ትርኢት በ180 ወንበር 720 ትኬት ነው። በጀታችሁን በግማሹ፣ በ360 ሥሩ። ጠቅላላ ወጪያችሁን ድንገተኛ 10 በመቶ ጨምራችሁ ለ360 አካፍሉት፤ የሚወጣው የትኬት ዋጋ ሰው የማይከፍለው ከሆነ ወጪውን ቀንሱ እንጂ የተመልካቹን ግምት ከፍ አታድርጉ። በነጻ የሚሰጠውን ትኬትም አስቀድማችሁ ቁረጡ። ለ16 ሰው ሁለት ሁለት 32 ነው፤ ያለ ገደብ ከተለቀቀ የመጀመሪያው ምሽት በዘመድ ይሞላና ሣጥኑ ባዶ ያድራል።

ትኬቱ ተከታታይ ቁጥርና ቀሪ ይኑረው። ማታውኑ፣ ሁለት ሰዎች ሆነው፣ የተሸጠ ቀሪና ያልተሸጠ ትኬት ደምረው ከታተመው ጋር ያስተያዩ፤ ገንዘቡን ቆጥረው ሁለቱም ይፈርሙ። የባንክ ሒሳቡ በቡድኑ ስም፣ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ቆጣሪው አንድ ከሆነ ገንዘብ ሲጎድል ጥፋተኛው ያለ ማስረጃ ይታወቃል።

ተውኔቱ የእናንተ ካልሆነ የደራሲውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ስንት ጊዜ፣ የት፣ መቅረጽና በኢንተርኔት መልቀቅ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ደራሲው ቢሞትም መብቱ አይሞትም፤ የበርን ስምምነት (ዓለም አቀፉ የደራሲ መብት ውል) ያስቀመጠው ዝቅተኛው ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው፣ 70 ያደረጉ አገሮችም ብዙ ናቸው። የትርጉም ሥራ ከሆነ ተርጓሚውም የራሱ መብት አለው። በትዕይንት መካከል የምታጫውቱት ሙዚቃም እንዲሁ።

መጋረጃ ጀርባ፦

የመጨረሻ ጥያቄ፦ በአንደኛው ገቢር ውስጥ ሳሎኑ ቢሮ ይሆናል። ስንሞክረው ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ፈጀ፣ በጨለማ።

እርሳስና ላጲስ፦

ከ30 ሴኮንድ በላይ ጨለማ ከሆነ ስልኮች መብራት ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚለወጠውን ቀንሱ፤ ግድግዳው ይቅር፣ ጠረጴዛው ይዙር፣ ጨርቁ ይነሣ፣ ስልኩና ፋይሉ ይምጣ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚይዘውን ሁለት ዕቃ ብቻ ጻፉለት፤ ይዞ የሚገባውና ይዞ የሚወጣው፣ በየትኛው በኩል። ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ካለ አደላደሉ ተሳስቷል። የዕቃዎቹ ቦታ ወለሉ ላይ በጨለማ በሚያበራ ትንሽ ፕላስተር ይታወቅ፣ የመደቡ ጠርዝም እንዲሁ። አምስት ጊዜ በሙሉ መብራት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በደብዛዛ ሰማያዊ። ደብዛዛው ሰማያዊ ለትርኢቱም ይቆይ፤ ድፍን ጨለማ ውስጥ ጠረጴዛ የተሸከመ ሰው መደቡን አያየውም። ጎን ያለው የዕቃ ጠረጴዛ ደግሞ በወረቀት ይሸፈንና እያንዳንዱ ዕቃ በቦታው ዙሪያው ይሠመር፣ ስሙ ይጻፍበት። ትርኢቱ ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀረው ረዳቱ ወረቀቱን ያያል፤ ባዶ መስመር ካለ አንድ ዕቃ ጎድሏል።